የዛንዚባር እቁብ

በአገራችን ሰው እቁብ የሚጥለው ለሠርግ፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ወይም የተዳከመ ንግዱን መልሶ ለማቋቋም ነው። እኛ አራት ሴቶች ግን፣ ሦስታችን ባሕርን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አይተን የማናውቅ ስንሆን፣ በውቅያኖስ ዳር ለማረፍ እቁብ ጥለናል። ወሬው በሴቶች ሕንፃ ከተሰማ ወዲህ በምሳ ሰልፍ ላይ «እንደ ምን ዋላችሁ፣ ሱልጣኖች» የሚለን በዝቷል። የፎቃችንን ጽዳት የሚጠብቁት እትዬ እንኳ ባልዲያቸውን አስቀምጠው «መርከቡ መቼ ነው?» ይሉናል። እንግዲህ ሳቁ ይበርድ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል፤ ደግሞም ነገሩ እንደ ጀመርነው ሆኖ አልቀረም።

ክፍላችን የስድስት ሰው ነው። ሁለቱ አልጋዎች ግን ካምና ጀምሮ ፍራሽ ብቻ ናቸው። አምና በግቢያችን ተማሪና ተማሪ በብሔር ተከፍሎ የተጋጨ ጊዜ የሁለቱ ልጆች ወላጆች መኪና ልከው በሌሊት ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። አንዷ ሻንጣዋን ትታ ስለ ሄደች እስከ ዛሬ ካልጋው ሥር አለ፤ አቧራውን እየተፈራረቅን እንጠርጋለን። በዚያ ሰሞን በኮሪደሩ ያለው በር ሁሉ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ይቆለፍ ነበር። መታጠቢያ ቤት ስንገናኝ ማን በየትኛው ቋንቋ ሰላምታ እንደሚጀምር እየጠበቅን፣ የጥርስ ብሩሻችንን እንደ ጎረስን ሳንነጋገር እንተላለፍ ነበር። ይህን የማነሣው ስለ ፖለቲካ ልናገር ብዬ ሳይሆን የዕረፍቱ አሳብ የተወለደው ከዚያ ኮሪደር ስለ ሆነ ነው።

የቀረነው አራት ነን። አንደኛዋ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ የእቁቡን ገንዘብና ደንብ የምትጠብቅ እሷ ስለ ሆነች ዳኛዋ እንላታለን። ሁለተኛዋ የሐረር ልጅ ናት፤ ከቤቷ የማይቋረጥ የቅመም ጥቅል ስለሚላክላት ቅመም ተብላለች። ጅቡቲ ያሉት አክስቷ ዘንድ ሄዳ ባሕር ያየችውም እሷ ናት። ሦስተኛዋ ከአርባ ምንጭ ናት፤ ከአራታችን መዋኘት የምታውቀው እሷ ብቻ በመሆኗ፣ አገሯም የአዞ አገር በመሆኑ፣ ስሟ ያለ ክርክር አዞ ሆነ። እኔ የጂማ ልጅና የታሪክ ተማሪ ነኝ። የወጡልኝ ቅጽል ስሞች ብዙ ናቸው፤ በዚህ መጽሔት ሊታተም የሚገባው ግን አንድም የለም።

ከነዚያ ከተቆለፉ ምሽቶች ባንዱ ቅመም አንድ ሥዕል አሳየችን። ጠባብ መንገድ ነው፤ በግራና በቀኝ ያረጁ የኖራ ግንቦች፣ የናስ ጉጠት የተተከለበት ትልቅ የእንጨት በር፣ ከበሩ ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። «ይህ የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ ነው» አለች። «ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ፋርሱ፣ አፍሪካዊው ለዘመናት ተጋብተው የኖሩበት ነው። መስጊዱ፣ ካቴድራሉ፣ የሒንዱ ቤተ መቅደሱ እግር በእግር ይደረስባቸዋል።» ሥዕሉን ተቀባብለን ለረጅም ጊዜ አየነው። በመጨረሻ አዞ «እዚያስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይነጋገራሉ?» አለች፤ ሳቅን፤ እቁቡም በዚያው ሌሊት ተጣለ።

ደንቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳችን በሳምንት 100 ብር እናስገባለን፤ ዕጣ የለም፤ ገንዘቡ ሲሞላ ሁላችንም ባንድ ቀን እንወጣለን። ዕጣ የሌለው እቁብ እቁብ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ክርክር ሁለት ቅዳሜ ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ እርሳሷን ቀርጻ ሒሳብ ስታወጣ ሁላችንም ዝም አልን። አራታችን በ40 ሳምንት የምናጠራቅመው 16,000 ብር ነው። የዛንዚባር መንግሥት ደግሞ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር ጎብኚ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ እንዲገዛ ደንግጓል፤ ለአራት ሰው 176 ዶላር ማለት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጥቷልና፣ የአንድ ዓመት እቁባችን አውሮፕላኑና አልጋው ቀርቶ ኢንሹራንሱን ብቻ እንኳ አይሸፍንም። ዳኛዋ ወረቀቱን አጥፋ «በዚህ ገንዘብ እስከ ሞጆ እንደርሳለን» አለች።

ሆኖም አልተበተንም። ቅመም የሐረር በርበሬዋን በየክፍሉ እየዞረች መሸጥ ጀመረች። አዞ የመምህራንን ልጆች ሒሳብ ታስተምራለች። ዳኛዋ የአንዲት ባለ ሱቅ መዝገብ ቅዳሜ ቅዳሜ ትይዛለች። እኔ የሌላውን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በታይፕ እገለብጣለሁ፤ ስንት ሰው «ሐ»ን ከ«ሀ» እንደማይለይ ያወቅሁት በዚሁ ሥራ ነው። መነሻችንንም ከዘንድሮ ክረምት ወደሚመጣው ክረምት አዛወርነው።

ክረምቱን የመረጥነው ትምህርት ስለሚዘጋ ብቻ አይደለም። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ያኽል ላይ ናት፤ ማሲካ የሚሉት ረጅሙ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ቩሊ የሚሉት አጭሩ ዝናብ በኅዳር ግድም ይመጣል። እኛ በሐምሌና በነሐሴ ጃንጥላ ሥር ስንርመጠመጥ እነሱ ዘንድ ብራና ነፋሻ ነው። በሐምሌ ደግሞ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ በማኩንዱቺ መንደር፣ ከፋርስ የመጣ የዘመን መለወጫ በዓል ያከብራሉ፤ ወንዶቹ በሙዝ ግንድ ይደባደቡና የዓመቱን ቂም በዚያው ይተዉታል። ዳኛዋ ይህን ስትሰማ ልማዱ ለግቢያችን ተማሪዎች ምክር ቤት እንዲቀርብ አሳብ ሰጥታለች።

መንገዱንም አጥንተናል። አየሩ ቀላል ነው፤ ኪሳችን ግን መሬቱን ይመርጣል። ካዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ እንደዚያው ያኽል፣ ከናይሮቢ ዳሬ ሰላም፣ ጠቅላላው ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ በጀልባ ሁለት ሰዓት ያኽል ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት መያዝ ግዴታ ነው። የምናርፍበትን ዳርቻ የመረጠችው አዞ ናት። በምሥራቁ ዳር፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ሩቅ ይሸሻል፤ በዚያን ጊዜ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው በገመድ ላይ የሚያበቅሉትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ማየቱ ደስ ይላል፤ መዋኘት የሚፈልግ ግን ውኃውን ተከትሎ ሲሄድ ይውላል። ስለዚህ ወደ ሰሜን፣ የእንጨት ጀልባ ወደሚሠራበት ወደ ኑንግዊ እንሄዳለን፤ እዚያ ባሕሩ ብዙም አይርቅም። በከተማው ውስጥ ግን ሕዝቡ አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ጨዋነት ነው፤ የዚህን ኃላፊነት ቅመም ወስዳለች።

ሰዓታችንን እንኳ መለወጥ አያሻንም። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ነው፤ ፈረንጅ 7 የሚለውን እነሱም «ሣ ሞጃ» ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ስድስት «ሲታ» ነው፤ ሰባት «ሳባ»፤ ሺህ ደግሞ «ኤልፉ»፤ የእኛን እልፍ በአሥር እጥፍ አርክሰውት ማለት ነው። ገበያ «ሶኮ» ይባላል፤ መጽሐፍ «ኪታቡ»፤ እኛ በክታብነት አንገታችን ላይ የምናስረውን እነሱ ያነቡታል። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በነዚህ ቃላት እየተፈታተንን እንተኛ ነበር። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ኡሐበሺ» የሚል ቃል ባገኘሁ ቀን አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ጮኽኩ፤ ትርጉሙ የሐበሻ አገር ነው። የእኛ ስም እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?

የታሪክ ተማሪ ነሽና የምናየውን አጥኚ ተብዬ ስለ ነበር፣ ጥያቄውን ይዤ ንባብ ገባሁ። ያገኘሁት መጽሐፍ የሳልሜ ትዝታ ነው። ሳልሜ በ1844 በዛንዚባር በምቶኒ ቤተ መንግሥት የተወለደች የሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ልጅ ናት (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ ከካውካሰስ ተራሮች የመጣች፣ የቸርከስ ወገን የሆነች ባሪያ ነበረች። ልጅቱ ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ አርግዛ በ1866 ከደሴቲቱ ሸሸች፤ ክርስትና ተነሥታ ኤሚሊ ሩተ ተባለች፤ በ1886 የልጅነቷን ታሪክ በጀርመንኛ አሳተመች። እኔ ያነበብሁት የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው።

አባቷ ሲሞቱ 36 ልጆች ነበሩ ትላለች፤ ሁሉም የተወለዱት ከዕቁባቶች ነው። ዕቁባቶቹም በባርነት የተገዙ፣ ብዙዎቹ ቸርከሶች፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሐበሾች ነበሩ። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን በማነብበት ጊዜ ዶርም ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ፤ ገጹን መልሼ መላልሼ አየሁት። በሱልጣኑ ፊት ዐረብኛ ብቻ ይነገር ነበር፤ ሱልጣኑ ጀርባውን ሲያዞር ግን ግቢው እንደ ባቢሎን ይሆናል፤ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ቱርክኛ፣ ቸርከስኛ፣ ስዋሂሊ፣ ኑብኛ፣ ሐበሽኛም ይሰማል። የሐበሾቹ ልጆች የቸርከሶቹን ልጆች፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ሰማያዊ ስለ ነበር፣ «ድመቶች» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። እኔን የነካኝ ይህ የልጆች ስድብ ነው። ከሕግና ከውል ዝርዝር ይልቅ ይህች አንዲት ፌዝ ልጆቹ እዚያ ሮጠው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ማደጋቸውን አሳየችኝ።

ሥዕሉ ላይ ያለውን ጠባብ መንገድ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አየሁት። ቅርንፉዱ ራሱ የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም፤ ከሩቅ ምሥራቅ ከሞሉካ ደሴቶች መጥቶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተተከለ ነው። ሳይፈነዳ እምቡጡን በእጅ መልቀምና በፀሐይ ማስጣት ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ሰውየውም ተይዞ ይመጣ ነበር። ሱልጣን ባርጋሽ እንግሊዞች አስገድደውት በ1873 የባሪያውን ገበያ ዘጋ፤ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። ባርነት በሕግ የተሻረው ግን በ1897 ነው። ዛሬ በካቴድራሉ አጠገብ፣ በጉድጓድ ውስጥ ቆመው ካንገታቸው በሰንሰለት የተያያዙ የአምስት ሰዎች ሐውልት አለ።

የተጋቡ ሕዝቦች ወሬም እንዲሁ በሰላም አላለቀም። ደሴቲቱ በታኅሣሥ 1963 ነፃነቷን ባገኘች በወሩ፣ ጥር 12 ቀን 1964 ንጋት ላይ አብዮት ተነሣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዐረቦችና ሕንዶች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተሰደደ። በዚያው በድንጋይ ከተማ የተወለደው ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ ከወላጆቹ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር የሄደው በዚያን ጊዜ ነው። በመደቡ ላይ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ዕድሜው የገፋው ያን ጥር ያስታውሳል። አዞ ስለ መታጠቢያ ቤት የጠየቀችው ጥያቄ እንግዲህ ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ የእቁብ ስብሰባ ላይ ያነበብሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እንደ ሰባኪ ሆኜ ነበር። «እኛ እዚያ እንግዶች አይደለንም፤ እህቶቻችን ተሸጠው የተወሰዱበት አገር ነው፤ በሱልጣኑ ቤት ያለቀሱት የእኛ ሴቶች ናቸው» አልሁ። ዳኛዋ ዓይኗን ጠረገች። «እቁብና ዕቁባት፤ አፍ ላይስ ምን ያህል ይቀራረባሉ» አለች። ቅመም «አላህ ይማራቸው» አለች። አዞ ግን የእግሯን ጥፍር እየቆረጠች ሳለ፣ ቀና ሳትል «የእኛ ስትይ የማን?» አለች።

መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ስለ ንግዱ መንገድ የማውቀውን ተናገርሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተማረከው ሰው በጂማ ሂርማታ ገበያ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ አንዱ መንገድ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይወጣል፤ ሌላው በሸዋ በኩል ወደ ታጁራ ይወርዳል፤ በሐረር በኩል ወደ ዘይላና በርበራ የሚደርስም ነበር። ከባሕሩ ማዶ ዐረብ አገር ነው፤ ከዐረብ አገር ደግሞ ጥቂቱ እስከ ዛንዚባር ይዘልቃል። ይህን ስናገር አዞ የጥፍር መቁረጫውን አስቀመጠች። በጣቷ አንድ በአንድ አመለከተችን። «እንግዲህ አንቺ ገበያው ነሽ። ዳኛዋ መሻገሪያው ናት። ቅመም በሩ ናት። እኔስ? እኔ ዕቃው ነኝ።»

ማንም አልተናገረም። ከዚያ ዳኛዋ፣ ከደግነቷ ብዛት ይመስለኛል፣ «የድሮ ነገር እኮ ነው፤ ማንም ንጹሕ አልነበረም፤ የሁሉም አገር ሰው ተሸጧል» አለች። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚባል አልነበረም። አዞ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ያን ሌሊት ሌላ ክፍል አደረች። ለሁለት ሳምንት መዋጮዋን አላስገባችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በክፍላችን ውስጥ ፍራሹ ባዶ የሆነ አልጋ ሦስተኛ እንዳይሆን ፈራሁ።

የሴሚስተር ዕረፍት ደረሰና ጂማ ሄድሁ። አያቴን በእኛ ቤት አኮ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ ነው። ማታ በቀረፋና በቅርንፉድ ያፈሉትን ሻይ ሲቀዱልኝ ስለ ደሴቲቱ ነገርኋቸው፤ ቅርንፉዷን በማንኪያ አውጥቼ «ይህች የምትበቅልበት አገር ናት» አልሁ። በልቤ የምጠብቀው አንዲት ጠፍታ የቀረች ዘመድ እንድትነገረኝ ነበር። ከባሕር ማዶ የምፈልጋት አንዲት ሴት እንድትኖረኝ እመኝ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባኝም። አኮ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ከእኛ የጠፋ የለም» አሉ። «የአያቴ አባት በሂርማታ ደላላ ነበሩ።»

«የምን ደላላ?»

«ቡና። ማር። ዝባድ።» ሻዩን አማሰሉ። «ሰውም።»

አባቴ ከወዲያ በኩል «አኮ፣ ለልጅ ይህ ይነገራል?» አሉ። አኮ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚመልሳቸው የለም። እሳቸው በተወለዱ ጊዜ ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ አዋጁ የ1942 ነው። አዋጅ ቢወጣም መሄጃ ስለሌላት በቤቱ የቀረች አንዲት አሮጊት ነበረች። ቡና የምትቆላ እሷ፣ አኮንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ማታ ማታ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ታንጎራጉር ነበር፤ አኮ ዜማውን ያስታውሱታል፤ ቃሉን ግን አያውቁትም።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኋቸው።

«እኛ ያወጣንላትን ነው የማውቀው» አሉ፤ ያንንም አልነገሩኝም።

አባቴ ስለ ጉዞው ያላቸውን አሳብ የሰጡት በማግሥቱ ነው። አራት ሴት ልጆች በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ብቻቸውን የሚሄዱበት አገር እስካሁን አልተፈጠረም አሉ። አኮ ሰምተው ጓዳ ገቡና አንድ ኪሎ ያኽል ጥሬ ቡና በከረጢት ይዘው ወጡ፤ «ስትሄጂ ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ። «ለማን ልስጠው?» ብላቸው «እዚያ ስትደርሺ ታውቂያለሽ፤ ቡና ሰጪ አያጣም፤ ጠጪም አያጣም» አሉ። የአባቴ ክልከላ በዚያው ተረሳ ማለት አይደለም፤ ባይፈታም በቡናው ምክንያት ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

ተመልሼ ስመጣ አዞ ካልጋዋ ላይ ነበረች። አኮ የነገሩኝን ሁሉ፣ ዜማውንም ስሙንም ሳልቀንስ ነገርኋት። ይቅርታ እንድትለኝ ጠብቄ አልነበረም፤ አላለችኝምም። «ከየት ነበር የመጣችው?» ብላ ጠየቀች። «ከታች አገር ነው የሚሉት» አልኋት። «ታች አገር» አለች፤ ደግማም «ታች አገር» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የሦስት ሳምንት መዋጮዋን 300 ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለች፦ «እሄዳለሁ። ካቴድራሉንና ጉድጓዱን በመጀመሪያው ቀን እናያለን። ካየን በኋላ ማንም እኔን እያየ እንዳያለቅስ። እኔ መዋኘት እፈልጋለሁ።» ዳኛዋ ቃል በቃል በመዝገቡ ላይ ጽፋ አስፈረመችን።

ስለዚህ ዕቅዱ ዛሬ እንደሚከተለው ነው። ዛንዚባር በደረስን በማግሥቱ ጧት ወደ ካቴድራሉ እንሄዳለን። ከሰዓት በኋላ የዳራጃኒ ገበያን እናያለን፤ ሲመሽ በፎሮዳኒ የአትክልት ቦታ በባሕሩ ዳር ከሚሸጠው ምግብ እንበላለን፤ ቅመም ኡሮጆ የሚሉትን፣ ድንችና ባጅያ የሚገባበትን ቢጫ ኮምጣጣ ሾርባ ካልቀመስሁ አልመለስም ብላለች። ሁለተኛው ቀን የእኔ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን የምቶኒን ፍርስራሽ፣ ያ ሁሉ ቋንቋ የተንጫጫበትን ግቢ አያለሁ፤ ሌሎቹ ካልፈለጉ ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ኑንግዊ ነን፤ በነዚያ ቀኖች ታሪክ መናገር በመዝገቡ መሠረት ቅጣቱ 50 ብር ነው። ቡናውን የት እንደምናፈላው አልተወሰነም። ዳኛዋ አንድ ኪሎ ቡና በዕቃው ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ የማን ሻንጣ እንደሚሸከመው ድምፅ ይሰጥበት ትላለች።

ገንዘቡ ገና ግማሽ አልሞላም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ፤ ሻንጣዋን ካልጋው ሥር ትታ የሄደችው ልጅ ለቅመም ስልክ ደወለች። ወሬው እሷ ባለችበትም ደርሷል። መጀመሪያ ስለ ሻንጣው ጠየቀች፤ ቀጥሎ ስለ እያንዳንዳችን ጤና ጠየቀች፤ ልትዘጋ ስትል «እቁቡ በሳምንት ስንት ነው?» አለች። ልትገባ እንደምትፈልግ ገባን። አሁን በክፍላችን ያለው ክርክር ይኸው ነው፤ ዳኛዋ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያለውን ውዝፍ ሁሉ ትክፈል ስትል፣ አዞ ደግሞ ልጅቱ የሄደችው ወድዳ አይደለምና ከዛሬ ትቁጠር ትላለች። ቅመም ከአዞ ጋር ናት። እኔ ሻንጣውን ካልጋው ሥር አውጥቼ አየሁት፤ መቆለፊያው ዝጓል እንጂ ጎማው ደህና ነው። ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን።